ልጣጭ

ፊቴን ልላጥ ብዬ ለአባቴ ብነግረው
«ድንች ነሽ?» አለና ሳቁን መቼ ቻለው።
የእናቴ ጆሮ ግን አንዲት ቃል ነጥሎ፣
«አሲድ»ን ሲሰማ፣ እጇ ቀረ ተንጠልጥሎ።
«የስንቷን ሴት ልጅ ፊት በልቶ የጨረሰ፣
በገንዘብሽ ገዝተሽ!» አለች፣ ድምጿ እያነሰ።

ምን ብዬ ላስረዳት?
ይህኛው ለዘብ ያለው ነው፣ ሐኪም የሚለካው፣
ከሸንኮራ አገዳ ይወጣል የሚባለው፣
አባባ በወንጂ ዕድሜውን ያጨደው።

አዳማ መናኸሪያ ትኬት እቆርጣለሁ፤
በመስኮቴ ቀዳዳ ስንት ሐኪም አያለሁ።
የአሰላው ተሳፋሪ «ሎሚ ቀቢበት» ይላል፤
ቆሎ ሻጯ ደግሞ «የጥርስ ሳሙና ይሻላል»፤
የመተሐራው አዛውንት መልሱን እየቆጠረ
«አግቢ፣ ይጠፋል» ብሎኝ ወደ ባሱ በረረ።

ቁጥሩስ ብዙ አይደለም፤ ግንባሬ ላይ ሰባት፣
አገጬ ላይ ሦስት፣ አንዱ ሊወጣ ሲል የሚያሳክከኝ ሌሊት።
«ቀላል ነው» አለችኝ ዶክተር ሲፈን ቆጥራ።
ቀላል! እስቲ ትየው በመስኮቱ ዞራ።

ፍራንኮ፣ ሁለተኛ ፎቅ፤ ከታች ባጃጅ ይጮኻል፤
ከንፈሬና የዓይኔ ጥግ ቫዝሊን ተቀብቷል።
ውሃ የመሰለ ነገር በብሩሽ ጫፍ ነክራ
ከግንባር እስከ አገጭ ወረደች ተጠንቅቃ።
ሰዓቷን ተጫነች፦ «ሦስት ደቂቃ»።

አንደኛዋ ደቂቃ ጉንዳን ናት።
ሁለተኛዋ ሚጥሚጣ።
በሦስተኛዋ ዓይኔን ጨፈንኩና ወንጂ ገባሁ፦

ማሳው ተቃጥሎ ሲያበቃ፣ ጥላሸቱን ለብሶ፣
አባባ ከሥራ ይገባል፣ አንድ አገዳ በብብቱ ይዞ።
በጥርሱ ይልጥልኛል፤ ረጅም አረንጓዴ ልጣጭ፤
እኔ ከእግሩ ሥር ቁጭ፣
ጭማቂው በክርኔ እየወረደ
ዝንብና ወንድሞቼን እየተከላከልኩ።
መዳፉን ያኔ አላየሁም።
እየተላጠ፣ እየዳነ፣ ደግሞ እየተላጠ፣
ቅጠሉ ሲሰነጥቀው፣ ላቡ ሲያቃጥለው፣
ቫዝሊን የቀባለት፣
ሰዓት የያዘለት፣
«በቃ» ያለው ማን ነው?

«በቃ» አለች ዶክተሯ።
ቀዝቃዛ ውሃ። ማራገቢያ። ክሬም በትንሽ ዕቃ።
«እንዳትነካኪው። ከፀሐይ ተጠበቂ።»

ከፀሐይ! በአዳማ!
ጥላ ራሱ በቀትር ጥላ ፍለጋ በሚሄድበት አገር!
ጃንጥላ ብዘረጋ ነፋሱ ገለበጠው፤
አንድ ጋሪ ነጂ ከኋላዬ፦ «እህቴ፣ ልትበሪ ነው?»

በሦስተኛው ቀን አፌ ዙሪያ ተነሣ፣
እንደ ሽንኩርት ገለባ ስስ፣ ስቆ የሚጠራ ጣት፤
ጣቴን ከጭኔ ሥር አስቀመጥኩት፣ ተጫንኩት።
እናቴ ማለዳ ማለዳ አገጬን በእጇ ይዛ
ታየኛለች ዝም ብላ፣
ዓይኔን፣ አፍንጫዬን፣ ቅንድቤን ቆጥራ፣
እንደ ግምጃ ቤት ሠራተኛ
የጎደለ እንዳለ ልትጠይቅ።

አባባም መነጽሩን አደረገና ቀረበ።
«ይህቺ የእኛዋ አገዳ ናት?»
«እሷው ናት፣ ይላሉ።»
ጥቂት አሰበ።
«እኔን በነፃ ላጠችኝ፤
አንቺን ግን አስከፈለችሽ።»
ያን መዳፍ ያዝኩት። ዛሬም ሻካራ ነው፣
ጉንጬ ላይ ሲያርፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠነቀቀ።

ሦስቴ ተመላለስኩ። ከአሥሩ ሁለት ቀሩ፤
የሌሎቹ ጥላ አለ፣ በጠራራ ካልሆነ አይታይም።
ትናንት የአሰላው ሰውዬ ከመስኮቴ ደረሰ፤
አየኝ፣ ደግሞ አየኝ፣ ፊቱ በኩራት ታደሰ፦
«አላልኩሽም? ሎሚ!»

ትኬቱን ዝም ብዬ ቆረጥኩለት፤
በፀሐይ በኩል ያለውን ወንበር ሰጠሁት።